ከበረሃ የመጣው የጭቃ ዓሣ

የባለቤቴ ሸሪክ ከሐረር የተመለሰው በገበያ ዋዜማ ነው። አሊዩ አምባ በዚያን ጊዜ የሲራራ ነጋዴ ማረፊያ ስለነበረች፣ ግመል ሲገባ ሰው ከየቤቱ ይወጣል። እኔ ደጃፌ ላይ ተቀምጬ በርበሬ እቀነጥስ ነበር። ግመሎቹ ከመንደሩ ግርጌ ሲንበረከኩ የሚያሰሙትን ጩኸት ስሰማ እጄን ታጥቤ ተነሣሁ፤ የእግር ውሃ ጣድሁ፤ የባለቤቴንም ጋቢ ከተሰቀለበት አወረድሁ።

ሸሪኩ ብቻውን መጣ። ጥምጣሙን ፈትቶ አንገቱ ላይ ጥሎታል። እሱና ባለቤቴ ጢም ሳያበቅሉ ጀምሮ አብረው የነገዱ፣ አንዱ ሲታመም ሌላው ጭነቱን የሚያነሣለት ሰዎች ነበሩና፣ ከመንገድ ሲመለሱ አንዱ ያለ ሌላው ደጄን ረግጦ አያውቅም።

“እቴ፣ እማማ የት አሉ?” አለኝ። ሰላምታ እንኳ አላስቀደመም።

ያኔ ገባኝ። ጋቢው ከእጄ ሳይወድቅ እንደያዝሁት ቀረሁ። አማቴ ከጓዳ በትራቸውን እየተመረኮዙ ወጡ። ሸሪኩን አዩት፤ ከኋላውም የሚመጣ ሰው ይኖር እንደሆነ አዩ፤ ማንም አልነበረም።

“አላህ የሰጠውን አላህ ወሰደ፣ እማማ” አላቸው።

አማቴ አልጮኹም። መሬት ላይ ተቀመጡና፣ “በምን?” አሉ።

“በውሃ ጥም።”

ከሐረር ሲወጡ ሁሉም ደህና እንደነበሩ ነገረን። የአዳልን በረሃ አጋምሰው መሪያቸው የሚያውቀው ኩሬ ዘንድ ሲደርሱ ደርቆ ጠበቃቸው። ቀጥሎ ያለውም እንዲሁ። አሸዋውን በእጃቸው ቢቆፍሩ እርጥበት እንኳ አላገኙም። ባለቤቴ ጠንካራ ነበርና ከሌሎች ሁለት ሰዎች ጋር ውሃ ፍለጋ ወደ ፊት ሄደ። ሲመለስ ምላሱ አብጦ መናገር ተስኖት ነበር። በግመል ጭነውት ጉዞ ቀጠሉ።

“የአዋሽ ዳር ዛፎች እየታዩን ነው ያረፈው” አለ ሸሪኩ። “እዚያው ቀበርነው። ድንጋይ ከምረንበታል።”

ጩኸቱን ያነሣሁት እኔ ነኝ። ከዚያ ጎረቤት ቤቱን ሞላው።

ለቅሶው በረድ ሲል ሸሪኩ የባለቤቴን ዕቃ አንድ በአንድ እያስገባ አስረከበኝ። ከጨርቁና ከአሞሌው መካከል በበሬ ቆዳ የተጠቀለሉ ሦስት የጭቃ ጓሎች ነበሩ። እያንዳንዳቸው የሰው ራስ ያህላሉ፤ ግራጫ፣ ደረቅ፣ ቢያንኳኩዋቸው እንደ ሸክላ የሚጮኹ። በላያቸው ላይ ትንሽ ጣት የምታስገባ ቀዳዳ አለች።

“ይህ የሐኪሙ አደራ ነው” አለን። “አንደበቱ ከተዘጋ በኋላ እንኳ በእጁ ወደነዚህ ይጠቁም ነበር። አድርሱለት ማለቱ ነው።”

ሐኪም የምንለው አንድ ወጣት ፈረንጅ ነው። አንኮበር፣ ከቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ሥር፣ ከአንድ አለቃ ግቢ ቤት ተከራይቶ ይኖር ነበር። አማርኛን ለምዶታል፤ ግን አንቺንና አንቱን አንዳንዴ ያምታታል። ባለፈው ክረምት የአማቴ እግር አብጦ መግል ቋጥሮ፣ ሰው ሁሉ ተስፋ ሲቆርጥ፣ ባለቤቴ እናቱን በቃሬዛ አሸክሞ ዳገቱን አወጣቸው። ሐኪሙ በጣው፣ አጠበው፣ በየቀኑ እያሰረ እየፈታ አዳናቸው። ባለቤቴ “ውለታህን በምን ልመልስ?” ቢለው፣ “አንተ ቆላ ትወርዳለህ” አለው። “በዋቢ ሸበሌ ዳር፣ ወንዙ ሲሸሽ በደረቀ ጭቃ ውስጥ የሚተኛ ዓሣ አለ ሲሉ ሰምቻለሁ። ካገኘህ ከነጓሉ አምጣልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።”

ባለቤቴ ይህን ሲያወራኝ ይስቅ ነበር። “በደረቅ ጭቃ ውስጥ ዓሣ! ለፈረንጅ የሚነገረው ወሬ አያልቅም” አለኝ። ቃል ግን ሰጥቷል። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይባል የለ? ሐረር ላይ ከዋቢ አገር የመጣ ሰው ሲያገኝ ጠየቀ፤ ሰውየውም ቆፍረው የሚበሉት ነገር ስለሆነ ምንም አልገረመው፤ በሌላ ጊዜ ሲመጣ ይዞለት መጣ።

ሸሪኩ ይህን ሲነግረን አማቴ ቀና አሉ።

“እዚህ ውስጥ ያለው ዓሣ ነው?”

“አዎ፣ እማማ።”

“ሕያው?”

“እንደዚያ ነው ያለን።”

“ዓሣ ያለ ውሃ ይኖራል?” አሉ። ድምፃቸው ሲቀየር ሰማሁ። “ልጄን አውቀዋለሁ። አደራ ከያዘ አይተኛም። ውሃውን ለዚህ ሲያጠጣ ነው የሞተው።”

“ወላሂ አላጠጣም! እኔ አብሬው አልነበርኩም?”

“ሌሊት ሌሊትስ? ያንን አይተሃል?”

ሌሊት ሁሉም ተኝቷል። በኋላ ሸሪኩ ብቻዬን ሲያገኘኝ፣ “እቴ፣ አላጠጣም፤ ግን እንዴት ላሳምናቸው?” አለኝ። ዓይኑ ውስጥ እሱም መጠራጠር እንደጀመረ አየሁ። እኔስ? እኔም ባለቤቴን አውቀዋለሁ።

በእኛ ሥርዓት ባሏ የሞተባት ሴት ዒዳዋን እስክትፈጽም ከቤቷ አትወጣም። ወራት የሚፈጅ ነው። እኔ በዚያ ቤት ውስጥ ከአማቴ ጋር ተቀመጥሁ፤ ጓሎቹም ከማዕዘኑ፣ ከእህል ጎታው አጠገብ ተቀመጡ። አማቴ ጠሏቸው፤ ከነሱ ግን አይርቁም። አንድ ቀን ጆሯቸውን አንዱ ጓል ላይ አስጠግተው አየኋቸው። በጣታቸው አንኳኩት። ከውስጥ ቀጭን ድምፅ መጣ፤ ሲጢጥ የሚል፣ ሕፃን አፍንጫው ተደፍኖ ሲተነፍስ የሚያሰማውን የሚመስል።

“ይተነፍሳል” አሉኝ። “የልጄን ውሃ ጠጥቶ ይተነፍሳል።”

ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል እየቀነሱ ሄዱ። የሰጠኋቸውን ሁለት ጉርሻ ጎርሰው ይመልሱታል። ውሃማ ስሰጣቸው ዋንጫውን ይዘው እያዩት ብዙ ይቆዩ ነበር።

ሐኪሙ መርዶውን ሲሰማ ለቅሶ ሊደርስ ወረደ። መንገዱ ጭቃ ነበርና እስከ ጉልበቱ ተለውሶ ገባ። እንደ አገራችን ሰው አንገቱን ደፍቶ መሬት ላይ ተቀመጠ። አማቴ ናቸው የጀመሩት።

“አንተ ሐኪም፣ እግሬን አድነሃል። አልክድም። ዓሣህ ግን የልጄን ውሃ ጠጥቶ መጥቷል።”

ፊቱ ነጣ። ወደኔ ዞሮ ጓሎቹ የት እንዳሉ ጠየቀኝና አሳየሁት። አልነካቸውም። ከሩቅ አያቸውና ተመልሶ ተቀመጠ።

“እናቴ፣ ይህ ዓሣ ደርቆ ሳለ ውሃ አይሰጡትም። ውሃ ከነካው ይነቃል። ልጅዎ ይህን ያውቅ ነበር፤ ነግሬዋለሁ።”

“ይህ ቃል ነው። ቃል ማንም ይናገራል።”

“እውነት ነው” አለ። “ስለዚህ አሁን አልወስደውም። ምራትዎ ዒዳዋን ትጨርስ። ዓሣው ይጠብቃል፤ መጠበቅ ያውቃል። ከዚያ እርስዎ ራስዎ ይዘውት ይምጡ። የምከፍተው እርስዎ እያዩ ነው። እኔ የማየውን እርስዎም ያያሉ።”

አማቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። መስማማታቸው ይሁን ማዘናቸው አልገባኝም።

ዒዳዬ ሲያልቅ ሸሪኩ ሁለት በቅሎ አመጣ። በአንዷ አማቴን ጫንን፤ በሌላዋ ጓሎቹን በጭድ ሸፍነን ጫንን። እኔና ሸሪኩ በእግራችን ወጣን። አሊዩ አምባ ሞቃት ነው፤ ዳገቱን ይዘው ሲወጡ ግን ብርዱ ደረጃ በደረጃ ይቀበልዎታል። አንኮበር ስንደርስ ጉም የጥዶቹን ጫፍ ውጦት ነበር። አማቴን በመንዝ ባና ጠቀለልናቸው፤ ከባናው ውስጥ የሚታዩት ዓይኖቻቸው ብቻ ነበሩ።

ሐኪሙ በረንዳው ላይ ጠበቀን። የቤቱ ባለቤት አለቃም ነበሩ፤ ሽማግሌ ናቸው፤ ስለ ሟቹ ሰምተው ነበርና አማቴን “እግዚአብሔር ያጽናዎት” ብለው አጠገባቸው ተቀመጡ።

ሐኪሙ ሦስቱንም ጓሎች አንኳኩቶ፣ መጀመሪያ ድምፅ የማይሰጠውን አነሣ። በመሮና በመዶሻ ቀስ እያለ ከፈለው። በውስጡ እንደ እንቁላል የለሰለሰ ባዶ ቦታ አለ፤ በዚያ ቦታ ደግሞ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ቡናማ ከረጢት። ከረጢቱን ሲገልጠው ዓሣው ታየ። ተጠቅልሎ፣ ጅራቱን ዓይኑ ላይ አጥፎ፣ ሞቶ፣ ደርቆ።

“ይህን ከረጢት ራሱ ይሠራዋል” አለ። “ጭቃው መድረቅ ሲጀምር ከገላው የሚወጣው ልጋግ ይደርቅና ልብስ ይሆነዋል። የሰውነቱ እርጥበት እንዳይወጣ ይዘጋበታል። ክፍት የሚቀረው አፉ ላይ ብቻ ነው፤ ለእስትንፋስ።”

አማቴ ልጣጩን በሁለት ጣታቸው ይዘው አሹት። ተንኮሻኮሸና ዱቄት ሆነ።

ቀጥሎ ሁለቱን ጓሎች በሁለት ሰፋፊ ገበታ ላይ አኖረና ለብ ያለ ውሃ አፈሰሰ። ጥቂት ነው ያፈሰሰው።

“ጨምርለት እንጂ” አሉት አለቃ። “ዓሣ አይደለም?”

“ከበዛ ይሰጥማል፣ አለቃ። አየር ካላገኘ ይሞታል።”

“ውሃ ውስጥ የሚሰጥም ዓሣ!” አሉና በአንድ እጃቸው አማተቡ።

ውሃው ጓሉን ከሥሩ ጀምሮ በላው። መጀመሪያ አረፋ ወጣ፤ ከዚያ ጠርዙ ረገፈ፤ ከዚያ ያ እንደ ድንጋይ የጠነከረ ነገር እያየነው ቀልጦ ጭቃ ሆነ። አማቴ ባናውን ከፊታቸው ገለጡ። ወደ ገበታው ጎንበስ አሉ።

“ፈረሰ” አሉ።

“ፈርሷል፣ እማማ” አለ ሸሪኩ።

“ውሃ ሲነካው ይፈርሳል።” ጭቃውን በእጃቸው ነኩት። “ቤቴ ሲገባ ግን እንደ ሸክላ ነበር። እኔው ነኝ ያንኳኳሁት።”

መልሱን በዓይናቸው አይተውታል። ሸሪኩ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፤ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ። ያን ሁሉ ወራት እሱም በልቡ ምን ተሸክሞ እንደከረመ ያኔ ገባኝ።

ከሰዓት በኋላ ዓሣዎቹ ነቁ። ከጭቃው ውስጥ እንደ እባብ የረዘመ ነገር ተንቀሳቀሰ፤ አፉን ከውሃው በላይ አውጥቶ አየር ሲጎርስ “ጧ” የሚል ድምፅ ሰማን። ሌላውም ተከተለው፤ ይህኛው ግን ደካማ ነበር። ሲቆፍሩት መቆፈሪያ ጎኑን ወግቶት ኖሮ ቁስሉ ጠቁሯል። በደረታቸው ሁለት፣ ከሆዳቸው በታች ሁለት፣ እንደ ክር የቀጠኑ ነገሮች ተንጠልጥለዋል። ጤነኛው በነዚህ ክሮች እየተደገፈ የገበታውን ወለል ሲሄድበት አየን። ዋና አይደለም፤ አካሄድ ነው።

“ክንፍ ነው ይህ?” አሉ አለቃ። “ክንፍና ቅርፊት የሌለው እንዳይበላ ተጽፏልና ነው የምጠይቅህ።”

“ክንፍ ነው። ቅርፊትም አለው፤ ከልጋጉ ሥር ተቀብሯል።”

“ታዲያ ለምን እንደ እግር አራት ሆነ?”

ሐኪሙ ፈገግ አለ። “እኔንም ከአገሬ ያመጣኝ ይህ ጥያቄ ነው።”

ከዚያ ወደ አማቴ ዞረ። ሊያዩ የመጡትን ማየታቸውን፣ ዓሣው የልጃቸውን ውሃ እንዳልጠጣ ማወቃቸውን ተናግሮ፣ ከዚህ በላይ ማየት ካልፈለጉ ወደ ቤት ገብተው ይረፉ አላቸው።

“አይሆንም” አሉት። “ልጄ ያለ ውሃ ቀናት መኖር አቃተው። ይህ ወራት ኖረ። በምን እንደኖረ ሳላይ ዳገቱን አልወርድም። ክፈተው።”

ያኔ እኔም ሳላስበው ቃል ከአፌ ወጣ፦ “አንዱን ተዉልኝ። ጤነኛውን። ባለቤቴ ብዙ አገር ተሸክሞት መጥቷል።” ሐኪሙ አየኝ። ለሥራው ሁለቱንም ይፈልግ እንደነበር አውቃለሁ። “ጤነኛው ያንቺ ነው” አለኝ።

በማግሥቱ ጉሙ ተነሥቶ ፀሐይ ወጣች። ሐኪሙ ጠረጴዛውን ግቢው ውስጥ አወጣ። ቁስለኛውን ዓሣ ከራሱ በስተኋላ በአንድ ምት ገደለውና ሆዱን ከአገጩ እስከ ጅራቱ ሰነጠቀው። አማቴ ከጠረጴዛው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። እኔ ከኋላቸው ቆሜ ትከሻቸውን ይዣለሁ።

መጀመሪያ ያሳየን ከጉንጩ ሥር ያለውን ስንጥብ ነው፤ ሌላ ዓሣ በውሃ ውስጥ የሚተነፍስበት፣ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተደረደረ ቀይ ነገር። በዚህኛው ጥቂትና የመነመነ ነው። “በዚህ ብቻ ቢሆን ወንዝ ውስጥም አይኖርም” አለ። ከዚያ አንጀቱን ወደ ጎን አደረገ። ከጀርባው ሥር፣ ከአከርካሪው ጋር ተያይዘው፣ ሁለት ረዣዥም ከረጢቶች ተኝተዋል።

አርደን የምንበላ ሰዎች ነንና ማንም ሊነግረን አላስፈለገም። “ሳንባ ነው” አለ ሸሪኩ።

“ሳንባ ነው” አለ ሐኪሙ።

ቀጭን የስንዴ አገዳ አነሣ። በዓሣው ጉሮሮ ወለል ላይ የተሰነጠቀች ትንሽ በር ነበረች፤ አገዳውን በዚያ አግብቶ እፍ አለበት። ሁለቱ ከረጢቶች ተነሡ። ተሞሉ። ቀይ ሐምራዊ ሆኑ፤ በላያቸው እንደ ማር እንጀራ የተከፋፈሉ ትናንሽ ክፍሎች ታዩ። አፉን ሲያነሣ ቀስ ብለው ሟሸሹ።

“ድገመው” አሉት አማቴ።

ደገመው። አማቴ እጃቸውን ዘርግተው ሳንባው ላይ አኖሩ፤ ሲነሣና ሲወርድ መዳፋቸው አብሮ ተነሣ፣ ወረደ። እጃቸውን እስኪያነሡ ድረስ ሐኪሙ መንፋቱን አላቆመም።

ሌላውንም አንድ በአንድ አሳየን። ከበቅሎ ጭራ አንድ ፀጉር ነቅሎ በአፍንጫው አስገባው፤ ፀጉሩ በአፉ ወጣ። የሌላ ዓሣ አፍንጫ ወደ ውስጥ እንደማያልፍ ነገረን። ልቡን ከፍሎ ደም የሚቀበለውን ክፍል አሳየን። ዓሣ በዚያ ቦታ አንድ ጓዳ ብቻ አለው፤ እንቁራሪት ሁለት። የዚህኛው በመካከሉ ግድግዳ ተጀምሮለታል፤ ግን እስከ ዳር አልደረሰም። ከሳንባው የሚመጣው ደም በአንድ በኩል፣ ከቀረው ሰውነት የሚመጣው በሌላው በኩል እንዲገባ የተጀመረ፣ ያልተጨረሰ ግድግዳ። አከርካሪውም እንደ ሌላው ዓሣ የተያያዘ አጥንት ሳይሆን የሚተጣጠፍ ገመድ ነበር።

“ታዲያ ምንድን ነው እንበለው?” አልኩት። “ዓሣ ነው ወይስ እንቁራሪት?”

“በእኛ አገር መጀመሪያ ያዩት ሊቃውንትም በዚሁ ተጣልተዋል። ሳንባውን ያየው የእንቁራሪት ወገን ነው አለ። ቅርፊቱንና ስንጥቡን ያየው ዓሣ ነው አለ። አሁን ዓሣ ነው ብለዋል፤ እኔም ዓሣ ነው እላለሁ። ነገር ግን ከሰው በፊት፣ እጅግ በጥንት ጊዜ፣ የዚህ ወገን የሆነ ዓሣ ከውሃ ወደ መሬት ወጣ የሚሉ አሉ። ክንፉ እግር ሆነ፤ ግድግዳው ተጨረሰ። እንቁራሪትም እንሽላሊትም፣ አራት እግር ያለው ሁሉ ከዚያ መጣ ይላሉ። እኔ አምናቸዋለሁ።”

“ይህኛው ታዲያ ለምን ሳይወጣ ቀረ?”

“ይህ አያትየው አይደለም። የአያትየው የወንድም ልጅ በይው። ለሚኖርበት አገር ይህ በቅቶታል።”

አለቃ ጥቂት አሰቡ። “እኛም ዘንድ” አሉ፣ “ሐሙስ ቀን ከውሃ ከወጡት ፍጥረታት ከውሃው የማይለዩ አሉ፤ ጨርሰው ወደ የብስ የወጡ አሉ፤ ወዲያና ወዲህ የሚመላለሱም አሉ እየተባለ ይነገራል። ይህ የሚመላለሰው ነው። አንተ ግን ልጄ፣ ቀኑን በጣም አረዘምኸው።”

“ምናልባት፣ አለቃ” አለ ሐኪሙ በአክብሮት። ክርክሩ እዚያ ላይ ቆመ።

አማቴ ይህን ሁሉ የሰሙ አይመስለኝም። ዓይናቸው ከጠረጴዛው አልተነሣም።

“ያለ ውሃ በምን እንደኖረ ንገረኝ” አሉት።

ሐኪሙ እጁን ታጠበና ከፊታቸው ተንበረከከ። “ያለ ውሃ አልኖረም፣ እናቴ። ውሃውን ይዞ ነው የተኛው። ልብሱ እንዳይወጣበት ዘጋለት። አይንቀሳቀስም፤ ልቡ አልፎ አልፎ ብቻ ይመታል። ሲርበው የራሱን ሥጋ ይበላል፤ ይኸው ጅራቱ እንዴት እንደከሳ ይዩ። ሰው ይህ አልተሰጠውም። ሰው በፀሐይ ሲሄድ ውሃው ላብ ሆኖ ይፈስሳል፤ ሊይዘው አይችልም።”

“ልጄ ወደ ፊት ባይሄድስ? ከጥላ ሥር ቢተኛስ?”

ሐኪሙ ሊያጽናናቸው ቢዋሽ እንደሚያውቁበት የተረዳ ይመስለኛል። “ትንሽ ይቆይ ነበር። ብዙ አይደለም። ውሃ ካልተገኘ ፍጻሜው ያው ነው።”

“ያጠፋው ነገር የለም?”

“ምንም አላጠፋም።”

“አንተስ?”

ሐኪሙ አንገቱን ደፋ። “እኔ ለመንሁት። ባልለምነውም ሐረር ይሄድ ነበር፤ ነጋዴ ነው። ይህን ለራሴ እነግረዋለሁ። ሁልጊዜ ግን አይበቃኝም።”

አማቴ ያንን እጃቸውን፣ ሳንባውን የነካውን፣ ራሱ ላይ አኖሩ። “ተነሥ” አሉት። “ብርድ ነው፤ መሬቱ ይጎዳሃል።”

በዚያ ቀን ማታ አለቃ ቤት የቀረበላቸውን የገብስ ቂጣ አማቴ ሳይመልሱ በሉ። እኔ ወደ ጓሮ ወጥቼ አለቀስሁ። ከመርዶው ቀን ወዲህ ለእናቱ ስል ይዤው የነበረ ለቅሶ ነው።

ጤነኛውን ዓሣ ሐኪሙ ለጊዜው ሊያቆየው ፈልጎ ነበር፤ የአንኮበር ብርድ ግን አደነዘዘው። ስለዚህ በእንስራ አድርገን ወደ ቆላ መለስነው። የጠበቁት አማቴ ናቸው። ጓሮ ውስጥ አፉ ሰፊ የሆነ ገንዳ አስቀመጡለት፤ ትልና ቁርጥራጭ ሥጋ ይሰጡታል። አየር ሊጎርስ ሲወጣ “መጣህ?” ይሉታል። አንዳንድ ጎረቤት የፈረንጅ ጋኔን ነው ብሎ ደጃችንን መርገጥ ተወ። አማቴ ግድ አላላቸውም። “ሁሉን ከውሃ የፈጠረ አላህ ነው” ይሉ ነበር፤ “ይህንን ደግሞ አየር አስለመደው።” ዓመት ሳይሞላው አንድ ጠዋት ሞቶ ተገኘ። ለውሻ እንዳይጣል ብለው ከሾላው ሥር አስቀበሩት።

ሐኪሙ የከፈተውን ዓሣ ሳንባና ልብ በአረቄ ማሰሮ ውስጥ ከትቶ ወደ ባሕር ወረደ። ለመምህሮቹ ሊያሳይ ነው። ሊሰናበተን ሲመጣ አማቴ የውሃ ስልቻዎቹን አንድ በአንድ እየነኩ እንደማያፈሱ አረጋገጡ። ባሕሩን ይሻገር አይሻገር ወሬውን አልሰማንም።

በተከታዩ በጋ አማቴ መቃብሩን ማየት አለብኝ አሉ። ሸሪኩ ከሌሎች ነጋዴዎች ጋር ወሰደን። አዋሽን ተሻግረን ቦታው ስንደርስ የተከመረ ድንጋይ አልነበረም። ጎርፍ መሬቱን አርሶታል፤ ግራር እንኳ ወድቋል። ሸሪኩ ወዲያና ወዲህ ተመላለሰ፤ ዛፍ ቆጠረ፤ በመጨረሻ እጁን አጣምሮ ቆመ። “እዚህ አካባቢ ነው፣ እማማ። ከዚህ በላይ ልዋሽዎት አልችልም።”

“ይበቃል” አሉ። “አላህ ያውቀዋል።” ሸሪኩ ለምልክት አዲስ ድንጋይ ሊከምር ቢል ከለከሉት። ዱዓ አድርገን ተመለስን።

ሸሪኩ ለጋብቻ የጠየቀኝ ከዚያ በኋላ ነው። ለእኔ ሳይሆን አስቀድሞ ለአማቴ ነው የነገራቸው፤ አፍሮ፣ ደጃፍ ላይ ቆሞ። እኔ ምን ይሉ ይሆን ብዬ ጓዳ ውስጥ ትንፋሼን ይዤ ሰማሁ። ጠሩኝና፣ “አግቢው” አሉኝ። “ልጄን የቀበረ እጅ ነው። ከዚህ የሚሻል እጅ የት ታገኛለሽ?”

አገባሁት። አማቴም ከእኛው ጋር፣ በዚያው ቤት፣ ብዙ ዓመት ኖሩ።